«ሥራ አጥ» የሚባለው ማን ነው?

(ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ክፍል ኃላፊዎች በተዘጋጀው የምክክር መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር)





በመጪው ሩብ ዓመት እያንዳንዱ አጥቢያ ለሥራ ፈጠራ ድጋፉ የሚታጩ ሥራ አጦችን ዝርዝር አዘጋጅቶ እንዲልክ የተጻፈው ደብዳቤ ደርሷችኋል። ደብዳቤው ከወጣ ወዲህ ከየአጥቢያው የሚመጣልን ጥያቄ አንድ ነው፤ «ማንን እንጻፍ?» የሚል። ላይ ላዩን ሲታይ ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሥራ የሌለውን መጻፍ ነው የሚል አይጠፋም። ይሁን እንጂ ስሙ በዝርዝሩ የገባው ሥልጠናና የመነሻ ገንዘብ ያገኛል፤ ያልገባው ቢያንስ ለዚህ ዙር ይቀራል። ስለዚህ ሥራ አጥ ማን እንደ ሆነ የመወሰኑ ነገር ለጊዜው በእናንተ እጅ ወድቋል። የየአገሩ የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች በዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ጥሪ እ.ኤ.አ. ከ1923 ጀምሮ እየተሰበሰቡ የሚመክሩበትን፣ እስከ ዛሬም ተወያይተው ያልጨረሱትን ጉዳይ እናንተ በአንድ የእሑድ ከሰዓት ስብሰባ እንድትወስኑ ተጠይቃችኋል ማለት ነው። ከዚያ ሁሉ ምክክር የተገኘውን ማወቅ ሥራችሁን ያቀልላችኋል ብለን እናምናለን።

አስቀድመን ስለ ቃላቱ ጥቂት እንበል። በቋንቋችን «ሥራ ፈት»፣ «ሥራ አጥ»ና «ሥራ ፈላጊ» የሚባሉ ሦስት አጠራሮች አሉ። የመጀመሪያው ወቀሳ አለበት፤ ሁለተኛው ማጣትን ይናገራል፤ ሦስተኛው መሻትን። በስብሰባዎቻችን ግን እነዚህ ቃላት ይቀላቀላሉ። «እርሱ ሥራ ፈት ነው እንጂ ሥራ አጥ አይደለም» ተብሎ ስሙ የሚሰረዝ ወጣት አለ። ይፋዊው መለኪያ ስለ ሰው ጠባይ አይጠይቅም። ጎበዝ ነው ወይስ ሰነፍ፣ ጨዋ ነው ወይስ ጠጪ የሚለው በመጠይቁ ውስጥ ቦታ የለውም። የሚጠየቀው ሰውየው ባለፉት ጥቂት ቀናትና ሳምንታት ምን እንዳደረገ ብቻ ነው። ይህን ክፍል ከሁሉ በላይ እንወደዋለን፤ ከሐሜት ይጠብቃልና።

እ.ኤ.አ. በ1982 የተሰበሰበው 13ኛው የሥራ ስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ጉባኤ አንድ ሰው ሥራ አጥ ይባል ዘንድ ሦስት ነገሮች በአንድነት እንዲገኙበት ወስኗል። እነርሱም ሥራ የሌለው መሆኑ፣ ሥራ ቢገኝ ለመጀመር ዝግጁ መሆኑና ሥራ ለማግኘት አንድ የሚታይ ጥረት ማድረጉ ናቸው። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 20 ያለውን የወይን ቦታ ባለቤት ምሳሌ ብዙዎቻችሁ አስተምራችሁበታል። የምሳሌው ምሥጢር ሌላ መሆኑን ሳንዘነጋ ለዛሬው ጉዳያችን እንዋሰው። በአደባባይ የቆሙት ሰዎች ሥራ አልነበራቸውም። ሲጠሩ ወዲያው ስለ ሄዱ ዝግጁ ነበሩ። ቀጣሪ ሊመጣ በሚችልበት ስፍራ መቆማቸውም በመጠይቁ ዘንድ እንደ ፍለጋ ይቆጠራል፤ ዛሬም የቀን ሠራተኛ በየከተማው አደባባይ ማለዳ የሚቆመው እንዲሁ ነው። ስለዚህ ሦስቱም መስፈርቶች ተሟልተዋል። ማንም አይቀጥረኝም ብሎ ያን ቀን ከቤቱ ያልወጣ ጎረቤታቸው ቢኖር ግን በዚህ ጥብቅ ትርጉም ሥራ አጥ አይባልም፤ አልፈለገምና።

ከዚህም የሚያስገርመው በአሥራ አንድ ሰዓት የተጠሩት ነገር ነው። እነዚህ የሠሩት አንድ ሰዓት ብቻ ነው። መረጃ ሰብሳቢ በማግስቱ መጥቶ ቢጠይቃቸው ግን ባለ ሥራ ተብለው ይመዘገባሉ። በመለኪያው መሠረት ባለፉት ሰባት ቀናት ለክፍያ ወይም ለትርፍ አንድ ሰዓት ያህል እንኳ የሠራ ሰው ባለ ሥራ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ መንግሥታት ቁጥሩን ለማሳነስ የፈጠሩት ዘዴ ይመስለዋል። ምክንያቱ ሌላ ነው። የሥራ ቁጥር ከአገር ምርት ስሌት ጋር ስለሚያያዝ፣ ምርት ያስገኘ ጉልበት ሁሉ፣ ትንሽም ቢሆን፣ እንዲቆጠር ተፈልጎ ነው። «ሥራ አጥነት» የሚለው ቃል ፈጽሞ ሥራ ማጣትን ብቻ እንዲያመለክትም ነው። ችግሩ ይህን ጠባብ ቁጥር ወስዶ የሕዝብ ኑሮ መለኪያ የሚያደርገው አንባቢ ጋ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንምጣ። ቀድሞ ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ይባል የነበረው የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በሰኔ 2005 ዓ.ም. ባካሄደው ብሔራዊ የሰው ኃይል ጥናት የሥራ አጥነት ምጣኔው በአገር ደረጃ 4.5 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። ይኸው ሲከፈል በከተማ 16.5 በመቶ፣ በገጠር 2 በመቶ ነበር። የገጠር አጥቢያ የምታገለግሉ አባቶች ይህን 2 በመቶ ስትሰሙ ፈገግ እንዳላችሁ ከዚህ ሆነን እናያለን። ቁጥሩ ግን ሐሰት አይደለም። መሬቱ ሩብ ጥማድ ቢሆንም የሚያርስ ሰው ሥራ አለው። በአባቱ ማሳ ያለ ክፍያ የሚያርም ልጅም ሥራ አለው ተብሎ ይቆጠራል። በገጠር ድኻ የሆነ ሰው ፈጽሞ ሥራ አጥቶ ሊቀመጥ አቅም የለውም፤ የሚበላውን ለማግኘት አንድ ነገር ይሠራል። ስለዚህ ዝቅተኛው ምጣኔ ብልጽግናን አይመሰክርም፤ ድህነቱ በሌላ ስም ተመዝግቦ ነው።

በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ቀጣዩ ብሔራዊ ጥናት፣ ትግራይን ሳያካትት፣ የአገሪቱን ምጣኔ 8 በመቶ አድርሶታል። በእነዚህ በሁለቱ ቁጥሮች ላይ ተመርኩዞ «ሥራ አጥነት በእጥፍ ሊጨምር ምንም አልቀረው» ብሎ የፕሮጀክት ሐሳብ የሚጽፍ ሰው ግን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል። የፊተኛው ጥናት የተካሄደው በሰኔ፣ ገበሬው ማሳው ላይ በሚውልበት ወር ነው። የኋለኛው በየካቲት አካባቢ፣ አዝመራው ገብቶ አውድማው ከተጠረገ በኋላ ነው። ልዩነቱ ሁሉ ከወቅት የመጣ ነው አንልም፤ በመካከሉ ብዙ ነገር ሆኗል። ነገር ግን ያለፉትን ሰባት ቀናት ብቻ የሚጠይቅ መለኪያ የትኞቹ ሰባት ቀናት እንደ ሆኑ ካልተነገረ ሙሉ አይደለም። እግረ መንገዳችንን አንድ ነገር እናንሣ፤ በገጠር አጥቢያዎቻችን የሚጠየቀው ሳምንት የቅዱስ ሚካኤልን ወይም የእመቤታችንን ወርኃዊ በዓል የያዘ ከሆነ የእርሻው ሰዓት ያንሳል። መጠይቁ ለጊዜው ከሥራው የተለየን ሰው ባለ ሥራ ብሎ ስለሚመዘግብ ገበሬው ሥራ አጥ አይባልም፤ የሠራው ሰዓት ግን አንሶ ይጻፋል። ይህን ያነሣነው ስለ በዓላት አከባበር ክርክር ለመክፈት አይደለም፤ ያ ከእኛ በላይ የሆነ ጉዳይ ነው።

የ1982ቱ ጉባኤ ራሱ እንደ እኛ ላሉ አገሮች በር ትቶ ነበር። አብዛኛው ሕዝብ የራሱን ሥራ በሚሠራበት፣ የቅጥር ማስታወቂያና የሥራ አገናኝ ቢሮ በማይደረስበት አገር «ፈልገሃል?» ማለት ትርጉሙ አነስተኛ ስለሆነ፣ ሦስተኛው መስፈርት እንዲላላ ፈቅዷል። በአገራችን የተካሄዱት ጥናቶችም ይህንኑ የላላ ትርጉም ሲጠቀሙ ኖረዋል፤ ሥራ የሌለውና ዝግጁ የሆነው ሰው ባይፈልግም ይቆጠራል። ከሌላ አገር ቁጥር ጋር ስናወዳድር ይህን ማስታወስ ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2013 በጄኔቭ የተሰበሰበው 19ኛው ጉባኤ ደግሞ ነገሩን በሌላ መንገድ አደራጀው። (ይህ 2013 ከላይ ከጠቀስነው የእኛ 2013 ጋር እንዳይምታታባችሁ።) አንደኛ፣ «ሥራ»ን ከ«ቅጥርና የገቢ ሥራ» ለየ። ለራስ ቤት ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ እንጀራ መጋገር፣ ልጅ ማሳደግ ሥራ ነው፤ ገቢ ለማግኘት የሚሠራ ሥራ ግን አይደለም። በበጎ ፈቃድ ማገልገልም ሥራ ነው፤ ባለ ገቢ ግን አያሰኝም። እህሉን በዋናነት ለቤቱ ፍጆታ ብቻ የሚያመርት ገበሬም በዚህ አዲስ ትርጉም ከባለ ገቢ ሠራተኞች ቁጥር ይወጣል። ሁለተኛ፣ አንድ ቁጥር ብቻ በቂ አለመሆኑን ተቀብሎ ከሙሉ ጥቅም በታች የዋለውን የሰው ጉልበት የሚያሳዩ አራት መለኪያዎችን አስቀመጠ።

አራቱን በቃል ከመዘርዘር በምሳሌ ብናሳይ ይሻላል። በአንድ አጥቢያ ለሥራ የደረሱ 100 ምእመናን አሉ እንበል። ከእነዚህ 57ቱ ባለፈው ሳምንት ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሠርተዋል። 3ቱ ሥራ የላቸውም፤ ይፈልጋሉ፤ ዝግጁም ናቸው። የሠሩትና የሚፈልጉት ተደምረው 60 ይሆናሉ፤ «የሥራ ኃይል» የሚባለው ይህ ነው። ሥራ አጥነቱም 3 ሲካፈል ለ60፣ ማለትም 5 በመቶ ይሆናል። እዚህ ላይ አካፋዩ መቶው ሕዝብ እንዳልሆነ ልብ በሉ።

አሁን ከ57ቱ ባለ ሥራዎች መካከል 12ቱ የሠሩት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ተጨማሪ ሰዓት ቢያገኙ ለመሥራት ይፈልጋሉ፣ ይችላሉም። እነዚህን ከ3ቱ ጋር ስንደምር 15 ይሆናሉ፤ ከ60ው 25 በመቶ። ይህ ሁለተኛው መለኪያ ነው። ከቀሩት 40 ሰዎች መካከል ደግሞ 15ቱ ሥራ ቢገኝ ነገ የሚጀምሩ፣ ነገር ግን መፈለጉን የተዉ ናቸው። ባለሙያዎቹ «እምቅ የሥራ ኃይል» ይሏቸዋል፤ ለጊዜው መጀመር ባይችሉም እየፈለጉ ያሉትም ከዚሁ ክፍል ናቸው። እነዚህ 15 ከ3ቱ ጋር ሲደመሩ 18 ይሆናሉ፤ ሦስተኛው መለኪያ 15ቱን በአካፋዩም ላይ ስለሚጨምር 18 ለ75፣ ማለትም 24 በመቶ ይሆናል። አገራችን የተጠቀመችበት የላላ ትርጉም በዚህ ምሳሌ የሚሰጠው ቁጥርም ይኸው ነው። ሁሉም በአንድነት ሲደመሩ 30 ለ75 ነው፤ 40 በመቶ፤ አራተኛውም መለኪያ ይህ ነው።

አንድ አጥቢያ፣ አንድ ሳምንት፣ ያው መቶ ሰው፤ ምጣኔው 5 በመቶም 40 በመቶም ሊባል ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው። እናንተ ዝርዝሩን የምታዘጋጁት በመጀመሪያው መለኪያ ከሆነ ሦስት ሰው ትጽፋላችሁ፤ ሃያ ሰባቱ ይቀራሉ።

እነዚያ ሃያ ሰባቱ እነማን እንደ ሆኑ በየአጥቢያው የምታውቋቸው ናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ያህል ቡና አፍልታ የምትሸጠዋ እህት ከእነርሱ አንዷ ናት። ሥራ አላት ብላችሁ አልፋችኋት ይሆናል፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ መሥራት የምትችልና የምትፈልግ ናት። ጧፍ በበዓላት ቀን ብቻ የሚሸጠው ወጣትም እንዲሁ። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲያነብ፣ ማስረጃ ፎቶ ኮፒ ሲያስደርግ ከርሞ፣ የትራንስፖርቱ ወጪ ሲያስመርረው የተወውንም አስቡት። እናቱ «አሁንማ ተቀምጧል» ትላለች። በጥብቅ ትርጉም ሥራ አጥ አይደለም፤ መፈለግ አቁሟልና። በየሰፈሩ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የቆረጠው ሰው ከቁጥሩ ቀድሞ የሚወጣ መሆኑ ይህን መለኪያ ብቻውን እንዳናምነው ያስገድደናል። ወደ ዓረብ አገሮች የሄደችው እህቱ ደግሞ ከቤተሰቡ አባልነት ስለምትወጣ ከላይም ከታችም አትቆጠርም።

የሴቶቹ ጉዳይ ለብቻው መታየት አለበት። በ2010 ዓ.ም. በከተሞች በተካሄደው ጥናት አጠቃላይ ምጣኔው 19.1 በመቶ ሲሆን የወንዶቹ 12.2፣ የሴቶቹ 26.4 በመቶ ነበር። ይህም የሚያሳየው ዝግጁ መሆናቸውን የተናገሩትን ብቻ ነው። ውኃ ስትቀዳ፣ እንጨት ስትለቅም የዋለችን እናት «ሥራ አለሽ ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቋት «የለኝም፣ ቤት ነው ያለሁት» ትላለች። «ሥራ ትፈልጊያለሽ?» ስትሏት ዝም ትላለች፤ ልጆቹን ለማን ትታ? «ከቤትሽ ሳትርቂ በቀን አራት ሰዓት የሚሠራ ሥራ ቢገኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ ልትጀምሪ ትችያለሽ?» ብትሏት ግን መልሱ ሌላ ሊሆን ይችላል። መልሱን የሚያወጣው አጠያየቁ ነው። ስለዚህ የቤቱን አባወራ ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ፤ ባል ስለ ሚስቱ፣ አባት ስለ ልጁ የሚሰጠው መልስ ብዙ ጊዜ ባለቤቷ ከምትሰጠው ያንሳል።

ስለ ራሳችን ቤትም እንናገር። በሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ሥራው በየቀኑ ድንጋይ የሚያቀብል፣ ስሚንቶ የሚሸከም የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣት አለ። «እርሱማ ከእኛ ጋር ነው የሚውለው» ብላችሁ ከዝርዝሩ እንዳታስወጡት። የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሥራ ነው፤ የገቢ ሥራ ግን አይደለም። ሥራ እየፈለገ ከሆነ ሥራ አጥ ነው። ደሞዝ ወይም በዓይነት የሚከፈላቸው ካህናትና ዲያቆናት ባለ ሥራ ናቸው፤ የሚሠሩት ሰዓት ጥቂት ሆኖ ተጨማሪ የሚሹ ከሆነ ግን ከሁለተኛው መለኪያ ይገባሉና በዝርዝሩ ለመጻፍ ማፈር አይገባም። የአብነት ተማሪው ትምህርቱ ላይ እስካለ፣ ሥራ እስካልፈለገና ለመጀመርም ዝግጁ እስካልሆነ ድረስ ከሥራ ኃይሉ ውጭ ነው። ይህ የመለኪያው ቋንቋ እንጂ የተማሪውን ድካም ማቃለል አይደለም።

በአራቱም መለኪያዎች የማይያዝ ሰው ደግሞ አለ። በምሕንድስና ተመርቆ በሳምንት ስድስት ቀን፣ በቀን ስምንት ሰዓት ኮብልስቶን የሚያነጥፈው ወጣት ሙሉ ሰዓት ስለሚሠራ ባለ ሥራ ብቻ ነው። ከችሎታ በታች መሥራትና አነስተኛ ገቢ እ.ኤ.አ. በ1998 በተካሄደው 16ኛው ጉባኤ ተነሥተው ነበር፤ ከአራቱ መለኪያዎች ግን አልገቡም። በእኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ክፍተት ነው። በቅጹ መጨረሻ «ሌላ» የሚል መስመር ያስገባነው ለእንደዚህ ላለው ነው።

በቀበሌና በወረዳ የሚካሄደው የሥራ ፈላጊዎች ምዝገባ ከጥናቱ የተለየ ነገር መሆኑንም ልብ ልንል ይገባል። ጥናቱ በናሙና የተመረጠን ቤት ሄዶ ይጠይቃል፤ ምዝገባው ወደ ቢሮው የመጣውን ይጽፋል። ከገጠር መጥቶ የነዋሪነት መታወቂያ የሌለው፣ መመዝገብ ምን ይረባኛል ያለው፣ መኖሩንም ያልሰማው ከምዝገባው ይጎድላል። ሥራ አግኝቶ ስሙ ያልተሰረዘም ይኖራል። የወረዳውን ዝርዝር ገልብጣችሁ ማኅተም እንዳታደርጉበት የምንለምነው ስለዚህ ነው።

የእናንተ ዝርዝርም ቢሆን ምጣኔ አይወጣበትም። በሪፖርት ላይ «በአጥቢያችን ሥራ አጥነት 60 በመቶ ነው» ተብሎ ሲጻፍ እናያለን፤ ሲመረመር ስማቸው የተጻፈው ወጣቶች በሰንበት ትምህርት ቤቱ አባላት ብዛት ተካፍለው ነው። ረጂ አካላት ይህን ሲያነቡ የቀረውንም ሪፖርት ይጠራጠራሉ። ያህልነቱን በቁጥር ብቻ ግለጹ፤ «ይህን ያህል ሰው ጠየቅን፣ ይህን ያህሉ እንዲህ መለሱ» ማለት ይበቃል።

እንግዲህ ቅጹን ስትሞሉ ጥያቄዎቹን በተጻፉበት ቅደም ተከተል ጠይቁ። ባለፉት ሰባት ቀናት በገንዘብም ሆነ በዓይነት የሚከፈል ወይም ትርፍ የሚያስገኝ ሥራ፣ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን ሠርተዋል? ካልሠሩ፣ ለጊዜው የተለዩት ሥራ አለዎት? ከሠሩ፣ ስንት ሰዓት? ተጨማሪ ቢገኝ ይፈልጋሉ? ካልሠሩ፣ ባለፉት አራት ሳምንታት ሥራ ለማግኘት ምን አድርገዋል? ምንም ካላደረጉ፣ ለምን? ሥራ ቢገኝ በሁለት ሳምንት ውስጥ መጀመር ይችላሉ? «ለምን» የሚለውን መልስ በተጠያቂው አነጋገር ጻፉት፤ «የለም አሉኝ»፣ «የሚያውቀኝ የለም»፣ «ልጅ የሚይዝልኝ የለም» የሚሉት መልሶች እያንዳንዳቸው ሌላ ሌላ ዓይነት ድጋፍ ይጠይቃሉ። «የለም አሉኝ» ያለውን ሥልጠና ብቻውን አይረዳውም፤ «ልጅ የሚይዝልኝ የለም» ያለችውን ደግሞ የመነሻ ገንዘብ ብቻውን አያወጣትም።

አንድ አጥቢያ ጠያቂዎችን ሲመርጥ ቢያንስ አንዲት ሴት ብታካትቱ፣ ጠያቂውም በገዛ ዘመዱ ቤት ባይጠይቅ መልካም ነው። የተሞሉት ቅጾች በወሩ መጨረሻ ለሀገረ ስብከቱ የልማት ክፍል ይደርሱ ዘንድ እንጠብቃለን። ማንን እንደ ጻፋችሁ ብቻ ሳይሆን ማንን ጠይቃችሁ እንዳልጻፋችሁም ከዝርዝሩ ጋር አያይዛችሁ ላኩልን።